የወሎ ኦፓል፦ ውሃ ሲጠጣ ቀለሙ ለምን ይጠፋል፣ ሲደርቅስ ለምን ይሰነጠቃል?

ኬሚስቷ (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኦፓል እዚህ የሚነሳው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ሦስት ነው፦ ውሃ ነክቶት ቀለሙ ጠፋ፤ መስኮት ላይ አድሮ ተሰነጠቀ፤ ስገዛው የነበረው ክብደት የለም። የሦስቱም ምንጭ አንድ ስለሆነ ከኬሚስትሪው ልጀምር። የምትቆርጡ፣ የምትሸጡ፣ ጌጥ የምትሠሩ ደግሞ ከእጃችሁ ሥራ ሙሉበት። የማወራው ከወገል ጤና አካባቢ፣ ከደላንታ ስለሚወጣው ነው።

ኦፓል ሲሊካ ነው፤ ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር። ሲሊኮን ሜታሎይድ ነው (በብረትና ብረት ባልሆነ መካከል ያለ)፣ ኦክሳይዱም ደካማ አሲድነት አለው። ስለዚህ ከሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በቀር የተለመዱት አሲዶች አይነኩትም፤ ጠንካራ ቤዝ ግን ይበላዋል። እያንዳንዱ ሲሊኮን በአራት ኦክስጅን ይከበባል፤ እያንዳንዱ ኦክስጅን ደግሞ ሁለት ሲሊኮኖችን ያገናኛል። ኳርትዝ በሚባለው የሲሊካ ክሪስታል ውስጥ ይህ ትስስር በሥርዓት ይቀጥላል። ኦፓል ውስጥ ግን በየቦታው ይቋረጣል፤ በተቋረጠበት ጫፍ ኦክስጅኑ ሃይድሮጅን ይዞ ይቀራል። ይህ ጫፍ ሲላኖል ይባላል፤ ውሃን በሃይድሮጅን ቦንድ አጥብቆ ይይዛል።

ድንጋዩ ውስጥ ያለው ውሃ እንግዲህ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ያለው ነጻ ውሃ ነው፤ በክፍል ሙቀት ይገባል፣ ይወጣል። ሌላው ከሲሊካው ጋር የተሳሰረው ሲላኖል ነው። እሱ የሚወጣው በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ሲወጣ ሁለት ሲላኖሎች ተጋጥመው አንድ የኦክስጅን ድልድይ ይሠራሉ፣ አንድ ሞለኪውል ውሃ ይለቃሉ፣ ድንጋዩም ይኮማተራል። የአውስትራሊያው ደለል ኦፓል ቅርጽ አልባ ሲሊካ ነው፤ ኦፓል-ኤ ይባላል። የወሎው በአብዛኛው ኦፓል-ሲቲ ነው፤ ክሪስቶባላይትና ትሪዲማይት የሚባሉት የሲሊካ ክሪስታሎች ድርድር ተዘበራርቆ የሚታይበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚገኝ ዓይነት። ብዙው ሃይድሮፌን ነው፤ ማለትም ውሃ ይጠጣል።

ቀለሙ ከማቅለሚያ አይደለም። ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው እኩል የሲሊካ ኳሶች ሲደረደሩ ብርሃኑን እንደ ስፋታቸው ይመርጣሉ። ግምቱ ቀላል ነው፦ የኳሱን ስፋት በ2.3 ገደማ አባዙት፤ ብርሃኑ ቀጥታ ሲመታ የሚመለሰውን ረጅሙን የሞገድ ርዝመት ይሰጣችኋል። 200 ናኖሜትር ኳስ 460 አካባቢ ይሰጣል፣ ሰማያዊ ነው። 230 ወደ 530 ይወስዳል፣ አረንጓዴ። ቀይ ለማየት 300 አካባቢ መድረስ አለበት፤ ትልልቅ እኩል ኳሶች ማደግ ስለሚከብዳቸው ቀይ ውድ ነው። 150 ሲሆን የሚመለሰው ብርሃን ለዓይን ከሚታየው በታች ስለሚወርድ ድንጋዩ ባዶ ይመስላል።

ኳሶቹ ራሳቸው ከጥቂት አሥር ናኖሜትር ፍሬዎች የተሠሩ ናቸው። በፍሬዎቹና በኳሶቹ መካከል ያለው ክፍተት አየር ሲይዝ፣ አየር 1.00፣ ሲሊካው 1.45 አካባቢ የብርሃን ስብረት መጠን አላቸው። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ብርሃን ይበተናል፤ ድንጋዩ ነጣ ይላል፣ ቀለሙም ከነጣው ላይ ጎልቶ ይወጣል። ውሃ ሲገባ 1.33 ይሆናል። ልዩነቱ ጠበበ፤ ድንጋዩ እንደ መስታወት ጠራ፣ ቀለሙ ደበዘዘ ወይም ጨርሶ ጠፋ። ኳሶቹ ግን አልተነኩም፤ ሲደርቅ ይመለሳል።

---

ደላንታ_ጠጠር

ጥሩ ጅምር ነው። ከመሬት በኩል ልጨምር።

የወገል ጤናው ኦፓል የሚገኘው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው ኢግኒምብራይት (ከእሳተ ገሞራ አመድ በተጋገረ ድንጋይ) ውስጥ በአንድ ቀጭን ድርብርብ ላይ ነው። የእሳተ ገሞራው መስታወትና ፌልድስፓር የተባለው ማዕድን ሲበሰብስ ወደ ሸክላ ይለወጣል፤ የተረፈው ሲሊካ በውሃ ሟሙቶ ሲሊሲክ አሲድ ሆኖ ይወርዳል። ቅርጽ አልባ ሲሊካ በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በሊትር 120 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ኳርትዝ ከዚያ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ያነሰ። ውሃው ከዚህ ወሰን ሲያልፍ ሲሊሲክ አሲዶቹ እርስ በርስ እየተያያዙና ውሃ እየለቀቁ ፍሬ ይፈጥራሉ፤ ፍሬው ኳስ ይሆናል። ከሥሩ ያለው ሸክላ ውሃውን ስለሚይዝ ሲሊካው እዚያው ይጠራቀማል። ቆፋሪዎች ሸክላውን ተከትለው የሚሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰዎች «የኢትዮጵያ ኦፓል ይሰነጠቃል» ሲሉ አንድ ላይ የሚደባልቁት ነገር አለ። በ1994 እ.ኤ.አ. ከመዘዞ፣ ከመንዝ በኩል ገበያ የወጣው ቡናማና ብርቱካንማ እንክብል ድንጋይ በመሰንጠቅ ክፉ ስም አተረፈ። በ2008 እ.ኤ.አ. የተገኘው የወገል ጤናው ሌላ ነው፤ ነጭ፣ ቢጫማ ወይም ጥርት ያለ፣ በአብዛኛውም በደንብ የሚጸና። በ2013 እ.ኤ.አ. ከጋሸና አቅራቢያ ከስታይሽ የወጣው ጥቁሩ ደግሞ ሌላ ነው። ሦስቱን በአንድ መዝገብ መፍረድ አይገባም።

---

ባለሞረዱ

ኬሚስቷ፣ ውሃ ውስጥ ስለሚጠፋው ቀለም ያልሽው ለቆራጭ ትልቅ ነገር ነው። ሞረዱ ውሃ ይፈልጋል፤ ድንጋዩ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ቀለሙ የቱ ጋ እንዳለ አይታይም። ስለዚህ አቅጣጫው የሚመረጠው ድንጋዩ ደረቅ ሳለ ነው። ጥሬውን በደረቁ ከመብራት ሥር አዙራችሁ ቀለሙ ከየት ፊት እንደሚወጣ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ማርከር አይሆንም፤ ቀለሙ ሟሟ ስለሆነ ገብቶ ይቀራል።

አሠራሬ ይህ ነው። ሻካራውን በ280 የአልማዝ ጎማ ቅርጽ አስይዙ፣ ከዚያ 600፣ 1200፣ 3000፤ ቁጥሩ ሲበዛ ጎማው ይልማል። ከ600 በፊት የቀረ ጭረት በኋላ አይወጣም፤ በየደረጃው አድርቃችሁ በአጉሊ መነጽር እዩ፣ እርጥቡ ድንጋይ ጭረቱን ይደብቃል። ጎማው ከፍጥነቱ ዝቅ ይበል፤ ጣት ላይ ሙቀት ከተሰማ ድንጋዩ ላይ አልፏል። የመጨረሻው ማለስለሻ 14000 አልማዝ፣ ወይም ሴሪየም ኦክሳይድ በቆዳ ወይም በፌልት ላይ፣ እርጥበቱ በጣም ያነሰ።

ድንጋዩን እንጨት ላይ ለመለጠፍ የጋለ ሰም አትጠቀሙ። ሱፐር ግሉ ወይም ኤፖክሲ ከጀርባው ብቻ፣ በትንሹ። ሲላቀቅ አሴቶን ውስጥ መዘፍዘፍ የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ አሴቶኑ ሙጫውን አሟሙቶ ቀዳዳው ውስጥ ይወስደዋል፣ አሴቶኑ ሲተን ሙጫው ነጭ ዳመና ሆኖ ውስጡ ይቀራል። እንጨቱን በመጋዝ ቆርጦ የቀረውን ሙጫ ሞርዶ ማንሳት ይሻላል።

አንድ ጥያቄ፦ ሴሪየም ኦክሳይዱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

---

ኬሚስቷ

ባለሞረዱ፣ አይገባም። የማለስለሻው ፍሬ ግማሽ ማይክሮን እስከ ሁለት ማይክሮን፣ ማለትም ከ500 እስከ 2000 ናኖሜትር ነው፤ ቀዳዳዎቹ በአሥሮች ናኖሜትርና ከዚያ በታች ናቸው። የሚቀረው በስንጥቅና በገጽ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቀዩ የብረት ኦክሳይድም አረንጓዴው ክሮሚየም ኦክሳይድም እንዲሁ፤ ነጭ ድንጋይ ላይ ስንጥቁን ቀለም ስለሚያስይዙት ግን አትጠቀሙባቸው። የሚገባው የሟሟ ነገር ነው፦ ማቅለሚያ፣ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ የሳሙና ሞለኪውል። በአልማዝ ፓስታው ውስጥ ያለው ዘይት ይገባል፤ ፓስታ ከሆነ በውሃ የሚታጠበውን ምረጡ።

ሴሪየም ከአልማዝ የሚለየው ደግሞ በኬሚስትሪው ነው። አልማዝ ይፍቃል። ሴሪየም ኦክሳይድ ከሲላኖሎቹ ጋር ለአፍታ ተሳስሮ የላይኛውን ሲሊካ ነቅሎ ይወስዳል። ስለዚህ ማለስለሻው ሊደርቅ ሲል፣ መጎተት ሲጀምር ነው ውበቱ የሚወጣው፤ ግን ሙቀትም የሚፈጠረው ያኔ ነው። ጥቂት ሰከንድ ነክታችሁ አንሱት።

---

ሚዛን

በመጀመሪያ የተነሳው የክብደት ጉዳይ ለነጋዴ ዋናው ነው። ድንጋይ በግራምና በካራት እየተሸጠ፣ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ድንጋይ ሁለት ጊዜ ያታልላል፦ ይከብዳል፣ ደግሞ ጥርት ብሎ የውስጡን ቆሻሻና ነጭ ዳመና ይደብቃል። ደረቅ ክብደት ካልተባለ ዋጋ አትነጋገሩ።

የቀዳዳውን መጠን መለካት ከባድ አይደለም። 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ቀጭን ክርና ብርጭቆ ይበቃል። ሦስት ንባብ ውሰዱ፦ ደረቁን በአየር፤ ውሃ ጠጥቶ የጠገበውን በአየር፣ ገጹን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ፤ የጠገበውን ውሃ ውስጥ በክር ተንጠልጥሎ። ብርጭቆው ሚዛኑን ሳይነካ፣ ድንጋዩም የብርጭቆውን ግድግዳ ሳይነካ።

ምሳሌ፦ ደረቅ 4.20፣ የጠገበ 4.58፣ የተንጠለጠለ 2.22። ከጠገበው የተንጠለጠለውን ስትቀንሱ 2.36 ይቀራል፤ ይህ የድንጋዩ መጠን በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። 4.20 ለ2.36 ሲካፈል 1.78 ይሆናል፣ የደረቁ ጥግግት። የገባው ውሃ 0.38 ግራም ነው፤ ለ2.36 ሲካፈል ከመጠኑ 16 በመቶው ክፍት ቀዳዳ ነው ማለት ነው። በክብደት 9 በመቶ ተጨምሯል። የወሎ ድንጋይ ደረቁ ከ1.74 እስከ 1.89፣ የጠገበው ከ1.90 እስከ 2.00 አካባቢ ነው። ደረቅ ሆኖ 2 የሚደርስና ውሃ የማይጠጣ «የወሎ ኦፓል» ካጋጠማችሁ ሙጫ ወይም ፕላስቲክ ገብቶበት ይሆናል ብላችሁ ጠርጥሩ። የማይጠጣ የተፈጥሮ ድንጋይም ስላለ በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

ስህተት የሚገባው የጠገበ መስሎ ባልጠገበው ነው። መሃሉ ነጭ ነጥብ ካለ አየር ቀርቶበታል፤ ይጠብቅ።

---

ኬሚስቷ

ወደ መሰንጠቁ ልግባ፤ ብዙ ድንጋይ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ውሃ ከጠባብ ቀዳዳ ሲተን በቀዳዳው አፍ ላይ ጎድጎድ ያለ ገጽ ይፈጥራል። ያ ገጽ የቀዳዳውን ግድግዳ ወደ ውስጥ ይስባል። ኃይሉ የውሃው የገጽ ውጥረት እጥፍ ለቀዳዳው ሬዲየስ ሲካፈል ነው። የውሃ የገጽ ውጥረት በሜትር 0.072 ኒውተን ነው፤ ለ10 ናኖሜትር ሬዲየስ 14 ሜጋፓስካል ይወጣል፣ ከ140 ከባቢ አየር ግፊት በላይ። ለ5 ናኖሜትር እጥፉ።

ይህ ግፊት ድንጋዩ ላይ ሁሉ እኩል ቢያርፍ ድንጋዩ በጥቂቱ ይኮማተርና ይቆማል። የሚሰነጥቀው ልዩነቱ ነው። ቆዳው ደርቆ ሊኮማተር ሲል ልቡ ገና በውሃ ተወጥሮ እንቢ ይለዋል፤ ቆዳው ተለጥጦ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥያቄው ምን ያህል ይድረቅ ሳይሆን በምን ፍጥነት ይድረቅ ነው። ውሃው ከልብ እስከ ቆዳ የሚወስደው ጊዜ ደግሞ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ እጥፍ የሚወፍር ድንጋይ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ከጉድጓድ እርጥብ የወጣ ትልቅ ድንጋይ ሙሉውን ከማድረቅ በፊት ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ቁራጮች ቢከፈል የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይጨምራል።

---

ባለሞረዱ

እኛ ጋ ደረቅ ሩዝ ወይም ጥጥ ውስጥ ቀብሮ ማቆየት ነው የተለመደው። በአብዛኛው ይሠራል።

---

ኬሚስቷ

ጥጡ ይሠራል፣ ነፋስን ስለሚከለክል። ሩዙ ላይ አልስማማም። የሩዙ ድርቀት አይታወቅም፤ የክረምት ሩዝና የበጋ ሩዝ እኩል አይደሉም፣ በጣም የደረቀ ሩዝ መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ይስባል። ከሱ የባሰው ጫማና መድኃኒት ውስጥ የሚገኘው የሲሊካ ጄል ከረጢት ነው። እሱም ሲሊካ፣ ድንጋዩም ሲሊካ፤ ግን የጄሉ ቀዳዳ የጠበበ ስለሆነ ውሃውን ከድንጋዩ ነጥቆ ይወስዳል። እርጥብ ኦፓል አጠገብ አታስቀምጡት።

እርጥበትን በትክክል የምትቆጣጠሩበት ርካሽ ዘዴ የጠገበ የጨው ድፍድፍ ነው። በተከደነ ዕቃ ውስጥ ያለ የጠገበ ጨው የአየሩን እርጥበት በአንድ ቁጥር ላይ ያቆመዋል። በ25 ዲግሪ ፖታሲየም ሰልፌት 97 በመቶ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 84፣ የገበታ ጨው 75፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ 33። በእያንዳንዱ እርጥበት ከአንድ ወሰን የሚሰፉ ቀዳዳዎች ብቻ ባዶ ይሆናሉ። ሬዲየሱን አስልቼ ላስቀምጥ፦ በ97 በመቶ ከ34 ናኖሜትር በላይ ያሉት፣ በ84 ከ6 በላይ ያሉት፣ በ75 ከ3.6 በላይ ያሉት። ትልልቆቹ መጀመሪያ፣ ጠባቦቹ በኋላ፤ ድንጋዩ በደረጃ ይወርዳል።

አሠራሩ፦ ክዳኑ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ። ሥሩ ላይ 200 ግራም የገበታ ጨው፣ 70 ሚሊ ሊትር ውሃ፤ 25 ግራም ገደማ ይሟሟል፣ የቀረው ጨው ሆኖ ይታያል፣ መታየቱም ግዴታ ነው። ያልሟሟ ጨው ከጠፋ ቁጥሩ ይዛባል። ከጨው በላይ የፕላስቲክ ወንፊት፣ በወንፊቱ ላይ ድንጋዩ። ጠብታ እንዳይነካው፤ ዕቃውን ተሸክሞ መዞር የለም። ፀሐይ የማይደርስበት፣ ሙቀቱ የማይዋዥቅ ቦታ ይቀመጥ።

ከውሃ የወጣ ድንጋይ መጀመሪያ ወደ 97ቱ፣ ቀጥሎ ወደ 84ቱ፣ ከዚያ ወደ 75ቱ ይግባ። የሚዛወረው በቀን ሳይሆን በሚዛን ነው፦ በሁለት ቀን ልዩነት የተመዘኑ ሁለት ንባቦች ከ0.01 ግራም በላይ ካልተለያዩ ይለፍ። ከ75 በኋላ በጥጥ ተጠቅልሎ በካርቶን ሳጥን ወደ ክፍል አየር። የ33 በመቶው ጨው ዕቃ ወደ በረሃ አገር ለሚሄድ ድንጋይ ብቻ ነው። ፖታሲየም ሰልፌትና ክሎራይድ በማዳበሪያነትም ስለሚሸጡ ከኬሚካል ሱቅ ካጣችሁ እዚያ ፈልጉ።

---

አሪዞና_ሐበሻ

እኔ ያለሁበት አገር አየሩ በጣም ደረቅ ነው፤ ቱሳን በየዓመቱ በሚካሄደው የድንጋይ ገበያ የወሎ ኦፓል ይሸጣል፣ ብዙ ጊዜም በውሃ ማሰሮ። ከማሰሮ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ደረቅ አየርና አየር ማቀዝቀዣ ፊት ይገባል። ዱባይና ሪያድ ላላችሁም ያው ነው።

አንድ ሐሳብ ላቅርብ። አሴቶን የገጽ ውጥረቱ 0.023 ነው፣ የውሃው ሲሦ ገደማ። ውሃውን በአሴቶን ተክቶ ማድረቅ ግፊቱን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከጄል ሥራ የሚታወቅ ዘዴ ነው። ለኦፓል አይሆንም?

---

ኬሚስቷ

ወንድሜ፣ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አደጋውም እዚያው ነው ያለው። ውሃ የጠገበ ድንጋይ ንጹህ አሴቶን ውስጥ ከተጣለ ውሃው ፈጥኖ ይወጣል፣ ቆዳውና ልቡ እንደገና ይለያያሉ። ከተሞከረ በደረጃ፦ በመጠን 25 በመቶ አሴቶን በውሃ፣ ከዚያ 50፣ 75፣ በመጨረሻ ንጹሁ፣ በየደረጃው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ለወፍራም ድንጋይ የበለጠ። ከዚያ ክዳኑ ትንሽ ብቻ በተከፈተ ጠርሙስ ውስጥ ቀስ ብሎ ይተን። አሴቶኑ ንጹህ ይሁን፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዘይትና ሽታ አለበት። እሳት፣ ሲጋራ፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አጠገቡ አይኑር፣ መስኮት ይከፈት። መጀመሪያ በፍርፋሪ ሞክሩት። ከሙጫ ወይም ከማቅለሚያ ጋር የቆየ ድንጋይ ላይ ጨርሶ አይሆንም። ጊዜ ላለው ሰው የጨው ዕቃው ይበልጣል።

---

ደላንታ_ጠጠር

የሚረሳ ነገር አለ፦ ደረቅ ድንጋይ ሲርስም ይሰነጠቃል። ደረቁን ድንጋይ በአንዴ ስትጥሉት ውሃው ከሁሉም አቅጣጫ ይገባና አየሩን መሃል ላይ ይዘጋዋል፤ አየሩ ይታመቃል፣ ልቡም ከቆዳው የተለየ ውጥረት ይይዛል። መጀመሪያ ለአንድ ቀን በ97 በመቶው ዕቃ አስቀምጡት። ቀጥሎ ከግማሹ በታች በሚደርስ ውሃ አቁሙት፤ ውሃው ከሥር እየወጣ አየሩን በላይ ያስወጣዋል። አረፋው በዓይን ይታያል። አረፋው ሲቆም ይሸፈን።

ውሃውም የተጣራ ይሁን። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ይዞ ይገባል፤ ውሃው ሲተን ካልሲየም ካርቦኔቱ በቀዳዳው አፍ ላይ ይቀራል፣ ድንጋዩ ከዓመት ዓመት ይነጣል። የባትሪ ውሃ ይበቃል፤ ግን ጠርሙሱን አንብቡ፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም ይሸጣል።

---

ጌጥ_ሠሪዋ

ሰላም። ጋሽ ባለሞረዱንም ኬሚስቷንም ልጠይቅ። ደንበኛ ቢጫ የሆነ ቀለበት አምጥታለች፤ በፊት ነጭ ነበር ትላለች። በበረኪና ልንከረው? ደግሞ ቀለበቱ ብየዳ ይፈልጋል።

---

ባለሞረዱ

ልጄ፣ ብየዳው ላይ ለጥያቄሽ አንድ መልስ ነው ያለው፦ ድንጋዩ ይውጣ። እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መበየድ የሚሉት ለኦፓል አይሠራም፤ ጨርቁ ያጠጣዋል፣ እሳቱ ያፈላዋል። ከብየዳ በኋላ ብሩን የምታነጪበት የጋለ አሲድም፣ አልትራሳውንድ ማጠቢያውም፣ እንፋሎቱም ድንጋዩ ካለበት ቀለበት ይራቁ። ድንጋዩን የያዙትን የቀለበቱን ቅጠሎች ስትከፍቺ ድንጋዩን ከሥሩ በጣት ደግፊ፤ የኦፓል ጥንካሬ በሞህስ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፣ የብረት መሣሪያ ጠርዙን ይቆርሰዋል።

---

ኬሚስቷ

በረኪና በፍጹም። ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ፒኤቹ (የአሲድና የቤዝ መለኪያው) ከ11 በላይ ነው፣ ጠንካራ ቤዝ ማለት ነው። ሲሊካ ፒኤች ከ9 ሲያልፍ የመሟሟት አቅሙ በፍጥነት ያድጋል፤ ሲሊሲክ አሲድ በ9.8 አካባቢ ሃይድሮጅኑን ስለሚለቅ ነው። የለሰለሰው ገጽ ይደበዝዛል። ሁለተኛው ይብሳል፦ በረኪናው ውስጥ ጨው አለ። ገብቶ ሲደርቅ በቀዳዳው ውስጥ ክሪስታል ሆኖ ያድጋል፣ እያደገ ግድግዳውን ይገፋል። ተመሳሳይ ምክንያት በላብ ለሚረጥብ ቀለበት፣ በባሕር ለሚዋኝበትም ይሠራል።

ቢጫው ብዙ ጊዜ የእጅ ቅባት፣ የፀጉር ዘይት ወይም ሳሙና ነው። ድንጋዩ ወጥቶ በደንብ ከደረቀ በኋላ ንጹህ አሴቶን ውስጥ በተከደነ ብርጭቆ ይቆይ፤ አሴቶኑ ቢጫ ከሆነ ይቀየር፣ ጥርት ብሎ እስኪቀር። ከዚያ በዝግታ ይድረቅ። ዘይቱ ከወጣ ቀለሙ ይመለሳል። ካልወጣ ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፤ ከራሱ የሚተርፈው ውሃና ኦክስጅን ስለሆነ ጨው አይተውም። ድንጋዩ እንደ ዘይቱ ዕድሜ ላይመለስም ይችላል፤ ለደንበኛዋ አስቀድመሽ ንገሪያት። ደግሞም ቢጫው ከብረት የመጣ የድንጋዩ የራሱ ቀለም ከሆነ ምንም አያነጣውም።

---

ሚዛን

አሴቶን ከተነሳ፣ የተቀለመውን ለመለየትም ያገለግላል። ነጭ የጆሮ ጥጥ በአሴቶን አርጥቡና ጀርባውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጥረጉ። ጥጡ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ከሆነ ማቅለሚያ ነው። ንጹህ ጥጥ ግን ነጻ አያወጣም፤ አንዳንዱ ማቅለሚያ አይለቅም። ደማቅ ሐምራዊ መልክ ራሱ ለመጠርጠር ይበቃል።

ጥቁሩ ላይ ሁለት ዘዴ አለ። በጭስ የተጠቆረው ካርቦኑ ከገጹ ጥልቅ አይሄድም፤ ተቆርሶ ካለበት ጠርዝ ላይ መሃሉ ነጭ ወይም ቡናማ ይታያል። በስኳርና በአሲድ የተጠቆረው ደግሞ ስኳር ከጠጣ በኋላ ሰልፈሪክ አሲድ ውሃውን ከስኳሩ ነጥቆ ካርቦኑን ብቻ ይተዋል፤ በ10 እጥፍ ሌንስ በቀለሙ ቁርጥራጮች መካከልና በስንጥቆቹ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ትመለከታላችሁ። ስታይሽ ነው ተብሎ የሚቀርብ ጥቁር ሁሉ መጀመሪያ በዚህ ይለፍ። ሻጩ የታከመ መሆኑን ተናግሮ በዋጋው ከሸጠው ችግር የለበትም፤ ዝም ብሎ ከሸጠው ግን ማጭበርበር ነው፣ ለወሎው ድንጋይ ስምም ጉዳት ነው።

---

አሪዞና_ሐበሻ

ጥሬው ላይ የተጣበቀውን ድንጋይ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ማሟሟት ይቻላል የሚል አንብቤያለሁ። የዝገት ማስለቀቂያ ሆኖ ሱቅ ውስጥ አየዋለሁ።

---

ኬሚስቷ

ተወው ወንድሜ፣ በእውነት። አሲዱ ሲሊካውን ወደ ሄክሳፍሎሮሲሊሲክ አሲድ ለውጦ ያሟሟዋል። ኢግኒምብራይቱም ሲሊካና ሲሊኬት ነው፣ ኦፓሉም ሲሊካ፤ ኦፓሉ ቀዳዳማና የተዘበራረቀ ስለሆነ መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው። ለሰው ደግሞ ገዳይ ነው። ቆዳ ሲነካ መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል፤ ፍሎራይዱ ወደ ውስጥ ዘልቆ የደሙን ካልሲየም ይይዛል፣ ልብ ሊቆም ይችላል። ካልሲየም ግሉኮኔት ጄልና ትክክለኛ ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ ጠርሙሱ እንኳ አይከፈት።

ሸክላው ውሃ ውስጥ ይለሰልሳል፤ ደላንታ እንዳለው በደረጃ አርሳችሁ በቀርከሃ ስንጥርና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አስለቅቁት። ጠንካራው ቅርፊት በሞረድ ይነሳ።

---

ባለሞረዱ

ሞረድ ከተባለ አቧራውን ልንገራችሁ። በደረቁ አትሞርዱ፣ «ቀለሙ ይታየኝ» ብላችሁም ቢሆን። ኦፓል-ሲቲ ክሪስቶባላይት የሚመስል ድርድር አለው፣ ቅርፊቱ ኳርትዝና መስታወት ይይዛል፤ ክሪስታል ሲሊካ ሳንባን በጠባሳ ያደድራል፣ ካንሰርም ያመጣል። የጨርቅ ማስክ አይከለክልም፤ ኤፍኤፍፒ3 ወይም ፒ100 የሚል የአቧራ ማስክ፣ ፊት ላይ በደንብ የሚጣበቅ፣ ጢም ካለ አይዘጋም። የሞረዱ ጭቃ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ ደርቆ ከተጠረገ ያው አቧራ ነው። የሥራ ልብስ ልጆች ካሉበት ክፍል አይግባ።

---

ጌጥ_ሠሪዋ

በጣም አመሰግናለሁ። ሚዛን፣ የቀዳዳ መለኪያህን ልሞክር ነበር፤ ጀርባው ላይ ቅርፊት የቀረበት ድንጋይ ላይ ይሠራል?

---

ሚዛን

አይሠራም እህቴ። ቅርፊቱና ሸክላው ራሳቸው ውሃ ይጠጣሉ፣ ጥግግታቸውም ሌላ ነው፤ የምታገኚው ቁጥር የሁለቱ ድብልቅ ይሆናል። ጀርባውን እስከ ንጹህ ኦፓል ሞርጂ፣ በጨው ዕቃው አድርቂው፣ ከዚያ መዝኚ። ድንጋዩ ከ1 ግራም በታች ከሆነም በ0.01 ሚዛን አትድከሚ፤ አንድ ጠብታ ገጹ ላይ ቢቀር ብቻውን ንባቡን ያበላሸዋል። 0.001 የሚያነብ የወርቅ ሚዛን ካለሽ በሱ።